ማሞቂያውን ከመለወጣችን በፊት ቴርሞስታቱን እንወቀው

(የበረዶው ወራት ከመግባቱ በፊት በተደረገው የአባላት ስብሰባ ላይ በማኅበራችን የቤት ጉብኝት ቡድን የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርእሳችን ለሴቶች ማኅበር እንግዳ ሊመስል ይችላል። ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ዕቁብ ስንነጋገር ኖረን ዛሬ ስለ ፈርነስና ስለ ሽቦ እናወራለን ስንል «ይኼ የወንዶች ጉዳይ አይደለም ወይ?» ያላችሁ እንዳላችሁ ሰምተናል። እኛ ግን በአባሎቻችን ቤት ስንዞር ያየነው ሌላ ነው። ጥር ላይ የጋዝ ቢሉ ሲመጣ የምትጨነቀው ሴት ናት። ሌሊት ተነሥታ የሕፃኑን ብርድ ልብስ የምታስተካክለው፣ ከአገር ቤት የመጡት እናቷ ጋቢ በጋቢ ደርበው ሲንቀጠቀጡ የምታየው እሷ ናት። ግድግዳው ላይ ያለችውን ትንሽ ሣጥን ለመንካት የምትፈራውም እሷው ናት። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛ ነው።

አብዛኞቻችን ያደግነው ማሞቂያ በሌለበት ቤት ነው። አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቢበርድ ጋቢ አለ፤ ፈርኔሎ አለ። ከፈርኔሎ ወደ ፈርነስ መሻገር በስም ቅርብ ይመስላል፤ በነገሩ ግን ሩቅ ነው። የፈርኔሎውን ከሰል በዓይናችን እናየዋለን፤ ሲከስም እናራግበዋለን፤ ሲበዛ እንቀንሰዋለን። ፈርነሱ ግን ምድር ቤት ተደብቆ ያጉረመርማል፤ ከእኛ ጋር የሚነጋገረው በግድግዳው ላይ ባለው ቴርሞስታት በኩል ብቻ ነው። ያንን ቋንቋ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም።

እዚህ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ብዙ አባሎቻችን የሚኖሩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በተሠሩ ቤቶች ነው። በእነዚህ ቤቶች የምናገኛቸው ማሞቂያዎች በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው አየር አሙቆ በወለልና በግድግዳ ቀዳዳዎች የሚነፋው ፈርነስ ነው። ሁለተኛው ውሃ አሙቆ ወደ ከባዶቹ የብረት ራዲያተሮች የሚልከው ቦይለር ነው። የእናንተ ቤት የትኛው እንደሆነ ዛሬ ማታ ሄዳችሁ እዩ፤ ከዚህ በኋላ የምንናገረው ብዙው ነገር በዚያ ይወሰናል።

ይህችን ሣጥን ለመጀመሪያ ጊዜ የቤት ዕቃ ካደረጓት ከተሞች አንዷ ይኸው የምንኖርባት ሚኒያፖሊስ መሆኗን ብዙዎቻችን አናውቅም። በ1886 እዚሁ ከተማ ይኖር የነበረ አልበርት ቡትዝ የሚባል ከስዊዘርላንድ የመጣ ስደተኛ የከሰል ምድጃን በራሱ የሚቆጣጠር መሣሪያ የፈጠራ መብት አገኘ። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ መሣሪያው የምድጃውን የአየር መግቢያ ይከፍታል፤ እሳቱ ይበረታል። ክፍሉ ሲሞቅ ይዘጋዋል። ከእሱ በፊት ይህን የሚሠራ ሰው ነበር፤ ማለዳ ተነሥቶ ምድር ቤት የሚወርድ። እሱ ያቋቋመው ድርጅት እጅ በእጅ እየተላለፈ የኋላው ሃኒዌል ሆነ። ድርጅቱ በ1953 ያወጣት ክብ ቴርሞስታት፣ ያቺ እንደ ሰዓት የምትዞረው፣ ዛሬም በአንዳንድ አባሎቻችን ግድግዳ ላይ ተሰቅላ አለች። እኛም የስደተኛ ሥራ ወራሾች ነን ብንል ውሸት አይሆንብንም።

ያቺ አሮጌ ክብ እንዴት እንደምትሠራ እንንገራችሁ፤ የሚያስፈራ ነገር የለባትም። ውስጧ ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀ ጥምዝ ስስ ብረት አለ። ሁለቱ ብረቶች ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ እኩል ስለማይለጠጡ ጥምዙ ይጠብቃል፤ ይላላል። በጥምዙ ጫፍ ላይ ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ አለች፤ በውስጧም ባዜቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ አለ። ቤቱ ሲቀዘቅዝ ብልቃጧ ትዘነብላለች፤ ባዜቃው ወደ አንድ ጫፍ ይፈስና ሁለት ሽቦዎችን ያገናኛል። በቃ፣ ሥራዋ ይኸው ነው። ፈርነሱ «ተጠርቻለሁ» ብሎ ይነሣል። አዲሱ ቴርሞስታት ስክሪን ቢኖረው፣ ከስልክ ጋር ቢነጋገር፣ መጨረሻ ላይ የሚያደርገው ያንኑ ነው፤ ሁለት ሽቦ ያገናኛል።

ይህን ማወቅ ምን እንደሚጠቅም አንዲት እኅታችን ቤት የሆነው ያሳያል። ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጆች የምታሳድግ አባላችን ናት። በጥር ወር አንድ ጠዋት ቤቱ ቀዝቅዞ ተነሣች። የጠራችው ጠጋኝ ቦይለሩን አየት አድርጎ «ሞቷል፤ አሮጌ ነው፤ አዲስ ያስፈልግሻል» አላት። በብዙ ሺህ ዶላር የሚቆጠርና በየወሩ ከወለድ ጋር የሚከፈል ውል ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። በብርድ ውስጥ ያለ ሰው ምን ምርጫ አለው? እሷ ግን ከመፈረሟ በፊት ስልክ ደወለችልን። ከእኛ ሁለታችን፣ በሕንፃ ጥገና የሚሠራ የአንዲት አባላችን ባለቤት ጨምረን ሄድን። እሱም መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን አጠፋ። ቴርሞስታቱን ከግድግዳው አወረደና ሁለቱን ቀጫጭን ሽቦዎች አንድ ላይ አገናኝቶ ኤሌክትሪኩን መለሰ። ቦይለሩ ተነሣ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ራዲያተሮቹ መሞቅ ጀመሩ። የሞተው ቦይለሩ አልነበረም፤ ሊያስነሣው የሚገባው ቴርሞስታት ነበር። ሽቦዎቹን እንደዚያ አገናኝቶ መተው ግን አይቻልም፤ ቤቱ ከመጠን በላይ ይሞቃል። ስለዚህ በዚያው ቀን ከ50 ዶላር ባነሰ ዋጋ አዲስ ቴርሞስታት ገዝተን ገጠምን።

ጥፋቱ ሁልጊዜ የቴርሞስታቱ ነው እያልን አይደለም። ፈርነስ በእውነት ይሞታል። እሳቱን ከምንተነፍሰው አየር የሚለየው የውስጥ ብረቱ ከተሰነጠቀ መርዛማ ጋዝ ወደ ቤት ሊገባ ስለሚችል ያ ፈርነስ አንድ ሌሊት እንኳ መሥራት የለበትም። የምንለው፣ ትልቁን ከመለወጥ በፊት ትንሹ ይታይ ነው። ውል ከመፈረም በፊትም ሁለተኛ ባለሙያ ይይ። «ዛሬ ካልፈረምሽ ዋጋው ይጨምራል» የሚል ሰው ከመጣ ነገ ይምጣ በሉት።

እንግዲህ መለወጥ ስንፈልግ ምን እንግዛ? እዚህ ላይ እኛ አቋም አለን። ብዙ ሰው ሱቅ ሲገባ በስልክ የሚታዘዘውን ባለ ዋይፋይ ቴርሞስታት ያነሣል። መጥፎ ዕቃ አይደለም። ነገር ግን እሱ ለራሱ የማያቋርጥ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ያንን የሚያመጣለት «ሲ» ተብሎ የሚጠራው ሽቦ ነው። በአሮጌ ቤቶች ከግድግዳው የሚወጡት ብዙ ጊዜ ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፤ ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው «አር» እና ማሞቂያውን የሚጠራው «ደብሊዩ»። «ሲ» የለም። አንዳንዴ ሳይገናኝ ግድግዳው ውስጥ ታጥፎ የተተወ ትርፍ ሽቦ ይገኛል፤ ከተገኘ ባለሙያ ከምድር ቤቱ ጋር ያገናኘዋል። ካልተገኘ አዲስ ሽቦ ማሳለፍ ወይም ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ ትራንስፎርመር መጨመር ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ለምን? በባትሪ የሚሠራ፣ የቀኑንና የሌሊቱን ሙቀት አስቀድመን የምንሞላለት ተራ ቴርሞስታት በሁለት ሽቦ ይሠራል። አብዛኛውን ቀን ሰው ለሚኖርበትና ሰዓቱ ለሚታወቅ ቤት ሌላው ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ባትሪውን ግን በየዓመቱ በረዶው ሳይመጣ ለውጡ።

ከመንካታችሁ በፊት አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለን። ክፍሎቹ በግድግዳው ሥር በሚሄድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የሚሞቁ ከሆነ፣ ቴርሞስታቱ ኋላ ያሉት ሽቦዎች ወፋፍራም ከሆኑ፣ ወይም 120 ወይም 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ክዳኑን መልሱና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። እስካሁን የተናገርነው በ24 ቮልት ስለሚሠራው ነው። ያኛው ይገድላል።

ባለ 24 ቮልቱን የምትለውጡ ከሆነ በብሬከሩና ፈርነሱ አጠገብ ባለው ማጥፊያ ኤሌክትሪኩን አጥፉ። የድሮውን ክዳን አንሡና ሽቦዎቹን ሳትነኩ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። በሽቦው ቀለም አትመኑ፤ ከ50 ዓመት በፊት የገጠመው ሰው በእጁ ያገኘውን ቀለም ተጠቅሞ ሊሆን ይችላል። የሚታመነው ሽቦው የታሰረበት ብሎን ላይ የተጻፈው ፊደል ነው። ሽቦውን ስትፈቱ ወዲያው እርሳስ ላይ ጠምጥሙት፤ ግድግዳው ውስጥ ከገባ ማውጣቱ ያስለቅሳል። ለዚህ ሁሉ አንድ ካቻቢቴ ይበቃል። ግድግዳው ላይ ሽቦው የሚወጣበትን ቀዳዳም ድፈኑት። በግድግዳው ውስጥ የሚሄደው ቀዝቃዛ አየር በዚያ ቀዳዳ ወጥቶ ቴርሞስታቱን ያታልለዋል፤ ቤቱ ሞቆ ሳለ «ገና ነው» እያለ ጋዝ ያቃጥላል።

የእኛን ቤቶች ልዩ የሚያደርግ አንድ ነገር ደግሞ አለ። በሁለት ቤት ያየነው ነው፤ ቴርሞስታቱ ከማዕድ ቤቱ በር አጠገብ ተሰቅሏል። ቅዳሜ እንጀራ ይጋገራል። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ሦስት ሰዓት ሲነድ ቴርሞስታቱ ቤቱ ሁሉ የሞቀ ይመስለዋል፤ ፎቅ ላይ የተኙት ልጆች ግን ይበርዳቸዋል። እናቲቱም ቁጥሩን ትጨምራለች፤ ምጣዱ ሲጠፋ ቤቱ እንደ ምድጃ ይግላል። ቦታውን ማዛወር ከተቻለ ጥሩ ነው፤ ካልተቻለ በመጋገሪያ ቀን ምክንያቱን ማወቅ በራሱ ዕረፍት ነው።

አሮጌውን ቴርሞስታት ምን እናድርገው? ቆሻሻ ውስጥ እንዳትጥሉት። በውስጡ ያለው ባዜቃ በግምት 3 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ነው። ብልቃጧ ከተሰበረች ትነቱ በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች አደገኛ ነው፤ በሚኒሶታ ሕግም ከቆሻሻ ጋር መጣል ክልክል ነው። እንዳለ በፕላስቲክ ዕቃ ከድናችሁ ወደ ካውንቲው የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ውሰዱት፤ ወይም ለእኛ ስጡን፤ ሰብስበን እንወስዳለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ዕቃውን መለወጥ ብቻውን አንድ ሳንቲም ላያድን ይችላል። ይህን የምንለው እኛ ብቻ አይደለንም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ፕሮግራም ለሚሞላላቸው ቴርሞስታቶች ይሰጥ የነበረውን የኢነርጂ ስታር ምልክት በ2009 መጨረሻ ላይ አንሥቷል። ምክንያቱ ዕቃው መበላሸቱ አልነበረም። ሰዎች ገዝተው ግድግዳ ላይ ሰቅለው ፕሮግራሙን ስለማይሞሉት ነው። «ሆልድ» የምትለዋን ቁልፍ ተጭነው አንድ ቁጥር ላይ ያቆሙታል፤ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያው ይቀራል። በአባሎቻችን ቤትም ያየነው ይኸው ነው። አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ ቴርሞስታት፣ «ሆልድ» ላይ፣ 75 ዲግሪ።

ፕሮግራሙን ከሞላነው ግን ጥቅም አለው። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚለው ቤቱን በቀን ለ8 ሰዓት ያህል ከተለመደው ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ፋራናይት ዝቅ ማድረግ በዓመት ከማሞቂያና ከማቀዝቀዣ ወጪ እስከ 10 በመቶ ሊያድን ይችላል። ይህ ሁሉም ሲተኛ ወይም ሁሉም ሥራና ትምህርት ቤት ሲውል ነው። ባለ ራዲያተር ቤት ለያዛችሁ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብረቱና ውሃው ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም ጊዜ ይወስዳሉ። ስለዚህ ሌሊት ብዙ አትቀንሱ፤ ጠዋት መሞቂያውንም ከመነሣታችሁ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቀድሞ እንዲጀምር አድርጉ። አዲሱ ቴርሞስታት ሲገጠም ደግሞ የማሞቂያው ዓይነት ይሞላለት። በብዙዎቹ ውስጥ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚበራ የሚወሰንበት ቁጥር አለ፤ ለተለመደው የአየር ፈርነስ 5፣ ለውሃ ቦይለር 3፣ ለእንፋሎት 1። ከፋብሪካው ብዙ ጊዜ ለፈርነስ ተሞልቶ ነው የሚመጣው፤ ገጣሚው ካልቀየረው ቦይለሩ ቶሎ ቶሎ እየበራ እየጠፋ ይደክማል።

ሌላው፣ ቁጥሩን 90 ላይ ማድረግ ቤቱን ቶሎ አያሞቀውም። ቴርሞስታት የመኪና ነዳጅ መርገጫ አይደለም። አሮጌው ፈርነስ 70 ብትሉትም 90 ብትሉትም የሚነደው በአንድ ዓይነት ኃይል ነው፤ ልዩነቱ መቼ እንደሚያቆም ብቻ ነው። ይህን ለባሎቻችሁም ንገሯቸው። (ሣቅ)

ገንዘብ ለማዳን ብለን አረጋውያንን ማብረድ ግን አይፈቀድም። ለሽማግሌዎችና ለአሮጊቶች ቤቱ ከ68 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ይመከራል፤ ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ብርዱን ሳያውቀው ይቀዘቅዛል። «አልበረደኝም ልጄ» የሚሉ እናት እጃቸውን ዳሱት። ቤቱን ዘግታችሁ ለዓመት በዓል ወደ ሌላ ከተማ ስትሄዱም ከ55 በታች አታውርዱት፤ የውሃ ቧንቧ ቀዝቅዞ ቢፈነዳ ያዳናችሁት ሁሉ ይጠፋል።

ቤቱ ሲበርድ ኦቨኑን ከፍተው የሚያሞቁ፣ ቡና ከተፈላ በኋላ የቀረውን ከሰል ሳሎን ውስጥ የሚተዉ እኅቶች አሉን። ይህንን በፍቅር ግን አጥብቀን እንቃወማለን። አገር ቤት ከሰል ያፈናቸውን ሰዎች ሁላችንም እናውቃለን፤ እዚህ ደግሞ መስኮቱ ለብርዱ ተብሎ ጥብቅ አድርጎ የተዘጋ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። የሚኒሶታ ሕግ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ ርቀት ውስጥ የዚህ ጋዝ ማስጠንቀቂያ እንዲኖር ያዝዛል። ቤታችሁ ከሌለ ዛሬ ንገሩን። ማስጠንቀቂያው ከጮኸ ወይም የጋዝ ሽታ ከመጣ መጀመሪያ ከቤት ውጡ፤ ስልኩን ከውጭ ደውሉ።

ቤት የተከራያችሁ እኅቶች «እኛ ምን አገባን» እንዳትሉ። ከ2024 ጀምሮ በሚኒሶታ ሕግ አከራይ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ቢያንስ 68 ዲግሪ ሙቀት ማቅረብ አለበት። ቴርሞሜትር ግዙ፤ ቁጥሩን በየቀኑ ከሰዓቱ ጋር ጻፉ፤ ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ። ቢል የተጠራቀመባችሁም አትደበቁ። የቀዝቃዛ አየር ደንቡ በእነዚያው ወራት ከማሞቂያ መቋረጥ ይጠብቃል፤ ጥበቃው ግን በራሱ አይመጣም። ለኩባንያው ደውሎ የክፍያ ስምምነት ማድረግና ስምምነቱን መጠበቅ ያስፈልጋል። የኢነርጂ እርዳታ ፕሮግራሙ ደግሞ ገቢያቸው ለሚፈቅድላቸው ቢሉን ያግዛል፤ የራሳቸው ቤት ላላቸውም የተበላሸ ማሞቂያ ሊያስጠግን ይችላል። ለዚያች ሦስት ልጆች ላሏት እኅታችን ውሉን ያቀረበው ሰው ይህን አልነገራትም። ቅጹን በመሙላት የምንረዳ አለን፤ የገቢ ማስረጃችሁን ይዛችሁ ኑ።

ለበጎ አድራጊዎቻችን ደግሞ በግልጽ እንናገር። ለዚህ ሥራ የምትሰጡን ገንዘብ የሚሄደው ለባለ ባትሪ ቴርሞስታት፣ ለጋዝ ማስጠንቀቂያና በጣም በቸገረ ጊዜ ለሁለተኛው ባለሙያ ጉብኝት ክፍያ ነው። ፈርነስ አንገዛም፤ አቅማችን አይደለም። ባለ ስክሪኑን ውድ ቴርሞስታት ብትለግሱንም እናመሰግናለን፤ ነገር ግን በዚያ ዋጋ ከአንድ በላይ ቤት ተራውን እንደምንገጥም አስቡልን። ከዕቃው በላይ የሚያስፈልገን በአማርኛ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ነው። ስለዚህ ጉብኝት የምንሄደው ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሆነን ነው፤ አንዷ ስትገጥም ሌላዋ ለቤቱ እመቤት ታስተምራለች። የቤቱ እመቤት ራሷ ፕሮግራሙን ሞልታ፣ አጥፍታ፣ እንደገና ሞልታ እስክታሳየን ድረስ አንወጣም። ቡናው እስከ ሦስተኛው ይደርሳል፤ ቸኩለን አናውቅም።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ አራት ቴርሞስታቶች አስቀምጠናል፤ አንዷ ያቺ አሮጌዋ ክብ ናት፤ ብልቃጧ ስለምትታይ ክዳኗን ከፍታችሁ እዩ፤ ብልቃጧን ብቻ አትንኩ። ሦስቱ አዲሶች ባትሪ ገብቶላቸዋል፤ የፈለጋችሁትን ቁልፍ ተጫኑ፤ ከምንም ስላልተገናኙ የሚበላሽ ነገር የለም። የቤት ጉብኝት የምትፈልጉ ስማችሁን፣ ማሞቂያችሁ የአየር ይሁን የራዲያተር፣ ከግድግዳውም ስንት ሽቦ እንደሚወጣ በመዝገቡ ላይ ጻፉ። ሽቦውን ያላያችሁ ስትሄዱ አይታችሁ ደውሉልን። ሕፃናትና አረጋውያን ካሉበት ቤት እንጀምራለን።